የአመዱ ፈረሰኛ መጨረሻ

ኡዘይር የተገኘው ኪቦርዱ ላይ በደረቱ ተደፍቶ ነው። የራስ ቅሉ ከኋላ ሁለት ቦታ ተሰንጥቋል፤ ሦስተኛው ምት ጆሮውን ይዞት ወርዷል። ደሙ ከጠረጴዛው ጠርዝ እየተንጠባጠበ ሲሚንቶው ላይ ረግቷል፤ ግድግዳውም ስክሪኑም ተረጭተዋል። ስክሪኑ ላይ ግራጫ የብረት ጥሩር የለበሰ ፈረሰኛ ድልድይ አፋፍ ላይ ቆሞ ዝናብ ይወርድበታል። ጌሙን የሚጫወተው ሰው ሞቶ፣ እሱ አሁንም ትእዛዝ ይጠብቃል።

«ይኼን የሰይጣን ሥራ ላጥፋው እንዴ?» አለ ሳጅን ክንዱ እጁን ወደ ማብሪያ ማጥፊያው እየሰደደ።

«እጅህን ሰብስብ!» አለች ኢንስፔክተር ወርቅውሃ ከበሩ። «የሞተው ሰው ሲያየው የነበረውን ነው የምታጠፋብኝ።»

እሑድ ጠዋት ነው፤ ኅዳር ወር፣ ሁለት ሺህ ሰባት ዓ.ም.። አራዳ ከሚገኙት ጌም ቤቶች ይኼኛው የኡዘይር ነው፤ ከፊት ለፊት የኳስ ጌም ያጫውታል፣ ከኋላ ደግሞ አንዲት ጠባብ ክፍል አለችው። ወርቅውሃ የዳባት ልጅ ናት፤ ሃያ አራት ዓመት በፖሊስነት ስታገለግል በወሰን የተገዳደሉ፣ በሚስት የተገዳደሉ፣ ሠርግ ቤት በተወረወረች አንዲት ቃል የተገዳደሉ አይታለች። ጌም ግን አታውቅም። ካርታ እንኳ ተጫውታ አታውቅም።

«ለነገሩ ገዳዩ ተይዟል» አለ ክንዱ። «አለነ የሚባል ባጃጅ ነጂ ነው፤ ዛሪማ ነው አገሩ። ሦስት ሰዓት ተኩል ላይ ሬሳውን አቅፎ ሲጮህ ነው ሰዎች የደረሱት። ልብሱ ደም በደም ነው። ዓርብ ዕለት ደግሞ እዚሁ በር ላይ ሟቹን በቡጢ እያለው ‹ዛሬ ካልነገርከኝ እገልሃለሁ!› ሲል ሰፈሩ በሙሉ ሰምቷል።»

«ምኑን ካልነገረው?»

ክንዱ አንገቱን አከከ። «የጌሙን መጨረሻ።»

«ወይ ጉድ!» አለች ወርቅውሃ። «እንዲህም ተጀመረ?»

ስልኳ ጮኸ። አለቃዋ ኮማንደር በላቸው ነው፤ የሚለውን አስቀድማ ታውቀዋለች። ከተማው በሙሉ ‹ጌም ያሳበደው ልጅ ሰው ገደለ› እያለ ነው፤ ማክሰኞ አራት ሰዓት ላይ ተጠርጣሪው ፍርድ ቤት ይቀርባል፤ መዝገቡ እስከዚያ ይጠናቀቅ። ነገሩ ግልጽ ነበር። መዝገቡ እንዳለ ከሄደ አለነን ከዕድሜ ልክ እስራት የሚያስጥለው ምንም ነገር የለም፤ ሰውም ስሙን ከጌሙ ጋር እያነሳ ሲስቅበት ይኖራል።

«ለመሆኑ የተመታበት ብረት የታለ?» አለች ስልኩን እንደዘጋች።

«አልተገኘም። ሐኪሙ አውራ ጣት የሚያህል ስፋት ያለው፣ ጫፉ ጎበጥ ያለ ብረት ነው ይላል። እንደኔ ጎማ መፈልቀቂያ ነው። ባጃጅ ነጂ ደግሞ አያጣውም።»

«የሱን አይታችሁታል?»

«ከመቀመጫው ሥር አለ። አቧራውም አልተራገፈ» አለ ክንዱ፤ ቀጥሎ የተናገረው ለራሱም ያሳፈረው መሰለ። «ያው... ሌላ ይኖረው ይሆናል።»

ሬሳው ሲነሳ ከደረቱ ሥር አንድ ደብተር ወጣ። ዳር ዳሩ ደም ጠጥቷል፤ ውስጡ ግን ይነበባል፤ ጥቅጥቅ ብሎ በአማርኛ የተጻፈ ታሪክ ነው። ወርቅውሃ የመጨረሻዎቹን ሁለት ገጾች እዚያው ቆማ አነበበቻቸው። ከገጹ አናት ላይ ሟቹ ለራሱ «እዚህ ላይ ስክሪኑን አጠፋለሁ» ብሎ ጽፏል። ይህችን መስመር ሁለት ጊዜ አነበበቻትና ደብተሩን በላስቲክ አድርጋ ያዘች።

ኡዘይር ሰኞ ጠዋት ተቀበረ። ከቀብር መልስ እህቱ ሒክማ ከለቀስተኛው ተለይታ ከወርቅውሃ ጋር ጓዳ ገባች። ዓይኗ አብጧል፤ ድምፅዋ ግን አልተንቀጠቀጠም።

«ወንድሜ እንግሊዝኛውን እያነበበ በአማርኛ ይነግረናል፤ እኛ ደግሞ እንወስናለን» አለች። «ዓርብና እሑድ ከሰዓት ነው የምንሰበሰበው። እኔ፣ አለነ፣ አድማሴ፣ ተጣልቶ እስኪወጣ ድረስ ደግሞ የዩኒቨርሲቲው ኢዮስያስ። ሰውየው ይገደል ወይስ ይማር? ቤቱ ይቃጠል ወይስ ይተው? እጅ እናወጣለን፤ ብዙ እጅ ያገኘውን ኡዘይር ይጫወተዋል። እንግሊዝኛ ስሙ አልያዝልን ብሎ የአመዱ ፈረሰኛ ነው የምንለው።»

«እኔ የማይገባኝ ምን መሰለሽ? ምኑ ነው ትልቅ ሰው እንዲህ የሚይዘው?»

«ኳሱ ያው ኳስ ነው፤ ሲያልቅ ያልቃል። የተሸነፈው ተናዶ ቤቱ ይገባል። ይኼ ግን ቤት ድረስ ይከተልዎታል።» ሒክማ ሻሿን አጠበቀች። «ክረምት ላይ አንዲት መንደር ትቃጠል ብለን ወሰንን። ሰዎቹ ክፉ መስለውን ነው። ከሦስት ሳምንት በኋላ ፈረሰኛው በዚያ ሲያልፍ ከአመዱ ውስጥ የሕፃን ጫማ አነሳ። ሁለት ቀን እህል አልቀመስኩም። ማን አቃጠላት? እኔ ነኛ! እጄን አውጥቻለሁ።»

«አለነስ?»

«ፈረሰኛው የወንድሙን ገዳይ ነው የሚፈልገው። የአለነ ታላቅ ወንድም መንበረ ደግሞ ከሁለት ዓመት በፊት ሊማሊሞ ገደል ሥር ሞቶ ተገኘ። መኪና ገጭቶ ጣለው ተባለ፤ መኪናው ግን እስከ ዛሬ አልተገኘም። ያገሩ ሰው ‹የወንድምህን ደም ሳትመልስ› እያለ ያሳቅቀዋል። ደሙን ከማን ይመልስ? እና ያ ፈረሰኛ ለሱ ጌም አይደለም። ዓርብ ኡዘይር ፈረሰኛውን ድልድዩ ላይ አቁሞ ‹ገዳዩ ከድልድዩ ማዶ ነው፤ እሑድ ትሰሙታላችሁ› ሲል ጊዜ አለነ አበደ። መታው። ወዲያው ደግሞ እግሩ ላይ ወድቆ አለቀሰ። ያለቀሰውን ማንም አልመሰከረለትም አይደል?»

ወርቅውሃ ደብተሩን አሳየቻት። ሒክማ ደሙን ስታይ ፊቷን አዞረች።

«ከማንም በፊት የማነበው እኔ ነበርኩ» አለች ቀስ ብላ። «እሑድ አንድ ሰዓት ላይ ቁርስ ወስጄለት ሳየው ገጹ ባዶ ነው። ‹ቅዳሜን ሙሉ መወሰን አቅቶኝ ዋልኩ፤ አሁን ነው የምጽፈው› አለኝ።»

«የሚወስነው ምንድን ነው? ጌሙ ያለውን መተርጎም አይደል ሥራው?»

«እንጃ» አለች ሒክማ። «እሱ ግን እንዲያ ነው ያለኝ።»

ኢዮስያስ ቢሮው ውስጥ የፈተና ወረቀት ያርማል። ቀጭን፣ መነጽር ያደረገ፣ ቃላቱን የሚመርጥ ወጣት መምህር ነው። እሑድ ጠዋት ከሁለት እስከ ስድስት ሰዓት የኤክስቴንሽን ተማሪ ሲፈትን ነበር፤ አዳራሽ ሙሉ ሰው አይቶታል።

«የሞተ ሰው አይወቀስም ይባላል፤ ግን ውሸታም ነበር» አለ። «ስክሪኑ ላይ ሁለት መስመር ይወጣል፤ እሱ አሥር ደቂቃ ያወራል። የሕፃን ጫማ ብሎ ያስለቀሳቸውን ነግረዎታል? ጫማ የለም! ፈረሰኛው ጎንበስ ብሎ አመድ ነው የሚዘግነው። ‹እንዲህ አይልም› ብዬ በሰው ፊት ብናገር አለነ አንገቴን አንቆ ወደ ውጪ ወረወረኝ። እውነት የተናገርኩ እኔ፣ የተባረርኩ እኔ።»

«ተናደድክ?»

«በጣም። ለአድማሴም ጌሙን በፍላሽ ገልብጬ ሰጠሁት፤ ራሱ ተጫውቶ እውነቱን እንዲያይ ብዬ። ከፍቶት እንደሆን አላውቅም።»

አድማሴ ቀሐ መንገድ ዳር ጎሚስታ ነው። ወርቅውሃና ክንዱ ሲደርሱ የተነፋ የጎማ ከመነዳሪ በርሜል ውሃ ውስጥ እየነከረ አረፋው ከየት እንደሚወጣ ያያል። ደረተ ሰፊ፣ ሲናገር አንገቱን የሚደፋ ሰው ነው።

«ከዓርብ ወዲህ እግሬ እዚያ አልደረሰም፤ እናቴ» አለ እጁን በጨርቅ እየጠረገ። «እሑድ ጠዋት እዚሁ ሥራ ላይ ነበርኩ። አለነ አብሮ አደጌ ነው፤ ሸጋ ልጅ ነው። ምነው ይህን አደረገ እያልኩ እንቅልፍ አጣሁ። ምን ያድርግ፣ የደም ነገር ሰውን ያሳውራል።»

«የጠብ ሁሉ መነሻ ይኼ መጨረሻው ነው አሉ» አለች ወርቅውሃ፣ የማያስፈልግ ወሬ እንደምታወራ ሰው። «እኔንም አጓጓኝ እኮ። ፈረሰኛው ገዳዩን ሲያገኘው ምን ያደርገዋል?»

«ይምረዋል» አለ አድማሴ። «ሰይፉን ወንዝ ውስጥ ይጥልና ‹ወንድሜን ሁለት ጊዜ አልቀብርም› ብሎ እጁን ይዞ ያሻግረዋል።»

«አይተኸዋል ማለት ነው?»

ጨርቁ እጁ ላይ ቆመ። «ኢዮስያስ ገልብጦልኝ የለም እንዴ? የእህቴ ልጅ ኮምፒውተር ላይ ጨርሼዋለሁ።»

ሲመለሱ ክንዱ መኪናውን እየነዳ «እሱ ያለው ደብተሩ ላይ ካለው ጋር ቃል በቃል አንድ ነው፤ ሰውየው አልዋሸም» አለ።

«አንድ መሆኑ ነው ያሳሰበኝ» አለች ወርቅውሃ ደብተሩን እንደገና እየገለጠች።

አለነ እስር ቤቱ ጥግ ላይ ተቀምጧል። የደረቀው ደም ከጥፍሩ ሥር አልወጣለትም። ስትገባ ብድግ አለና «አገኛችሁት? ማን ነው የገደለው?» አላት።

«ኡዘይርን?»

«ኡዘይርንማ... እናንተ እኔ ነኝ ብላችኋል፤ መጨረሻውን ቀድሜ ልለምነው ብዬ ብመጣ ሞቶ አገኘሁት።» አንገቱን ደፋ። «የፈረሰኛውን ወንድም ማለቴ ነው። ደብተሩ ላይ ጽፎት ነበር?» ይህን ካለ በኋላ በራሱ አፍሮ ፊቱን በእጆቹ ሸፈነና ተንሰቀሰቀ። ‹ይህ ልጅ መጨረሻውን አልሰማም፤ ታስሮ እንኳ ይጠይቃል› ብላ አሰበች ወርቅውሃ። ከዚያ ቢሮዋ ገብታ የመንበረን የቆየ መዝገብ አስወጣች።

ማክሰኞ ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ ሁሉንም ጌም ቤቱ የኋላ ክፍል ውስጥ ሰበሰበቻቸው። ሲሚንቶው ታጥቧል፤ የግድግዳው ነጠብጣብ ግን አለ። ሒክማ በሩ አጠገብ፣ አድማሴ ግድግዳውን ተደግፎ፣ አለነ በካቴና በሁለት ፖሊሶች መካከል ነው። ኮማንደር በላቸው ሰዓቱን ያያል፤ ክንዱ ወርቅውሃ ከላከችው ቦታ ገና አልተመለሰም። ኢዮስያስ የሟቹ ወንበር ላይ እንዲቀመጥ ስትነግረው ፊቱ ነጣ።

«ድልድዩን አሻግረው» አለችው። «የሚለውንም ሳትጨምር ሳትቀንስ በአማርኛ ንገረን።»

ፈረሰኛው ተንቀሳቀሰ። ከድልድዩ ማዶ አንድ ሰው በሰንሰለት ታስሮ ተንበርክኳል።

«‹እኔ የንጉሡ ሰይፍ ጃግሬ ነኝ› ይላል» አለ ኢዮስያስ። «‹ወንድምህን አላውቀውም ነበር። ታዝዤ ገደልኩት።› አሁን ሁለት ምርጫ አለ። ወይ ትሰይፈዋለህ፣ ወይ ለሕዝቡ ትሰጠዋለህ።»

«ሁለቱንም አሳየን።»

አንዴ ሰይፉ ወረደ፤ የታሰረው ሰው አንገት ተቆርጦ ድልድዩ ላይ ተንከባለለ፤ ደሙ ፈረሰኛውን እስከ ፊቱ አለበሰው። ኢዮስያስ ወደ ኋላ መልሶ ሁለተኛውን መረጠ፤ ሕዝቡ በድንጋይ እየወገረ ሰውየውን ሥጋና ጭቃ አደረገው። ሒክማ ዓይኗን ጨፈነች።

«ሦስተኛ የለም?» አለች ወርቅውሃ። «መማር? ሰይፍ ወንዝ ውስጥ መጣል?»

«የለም። ጌሙን ሦስት ጊዜ ጨርሼዋለሁ።»

«እንግዲህ ስሙኝ።» ደብተሩን ከፈተች። «እዚህ ላይ ኡዘይር ‹ስክሪኑን አጠፋለሁ› ይላል። እኔ ጌም አላውቅም፤ ግን የሚያጓጓው ቦታ ሲደርስ መብራት የሚያጠፋ ተራኪ ሰምቼም አላውቅ። ለምን ያጠፋል? ስክሪኑ የሚያሳየውና እሱ የሚናገረው ስለማይገናኝ ነው። ኢዮስያስ ውሸታም ያለው ይህን ነው። በደብተሩ ውስጥ ፈረሰኛው ይምራል። ይህ ምሕረት በጌሙ ውስጥ የለም፤ ኡዘይር የወለደው ነው። ሒክማ፣ መቼ ነው የጻፈው?»

«እሑድ። ከአንድ ሰዓት በኋላ።»

«ሦስት ሰዓት ተኩል ላይ ሞቶ ተገኘ። ስለዚህ ያን ምሕረት የሚያውቅ ሰው፣ እሑድ ጠዋት እዚህ ክፍል ውስጥ ከሟቹ አፍ ሰምቶታል፤ ሌላ መንገድ የለውም። አለነ አያውቅም፤ ትናንት እኔኑ ጠየቀኝ። አድማሴ ግን ቃል በቃል ነገረኝ። ጌሙን ጨርሼ ነው ያየሁት አለኝ። አድማሴ፣ ከፍተኸው ቢሆን ኖሮ አሁን ያየነውን የተቆረጠ አንገት ትነግረኝ ነበር።»

አድማሴ ሳቅ ለማለት ሞከረ። «ተሳስቼ ይሆናላ... ወሬ ሰምቼ...»

«ቆይ፣ አልጨረስኩም። ኡዘይር ሌላም ነገር ለውጧል። በጌሙ ገዳዩ የማይታወቅ ባዳ ነው። በደብተሩ ግን የፈረሰኛው አብሮ አደግ ነው፤ ‹ለቅሶ ቤት አብሮት የተቀመጠ፣ አፈር አብሮት ያለበሰ› ይላል። ለማን ነበር እንዲህ የሚያወራው? ወንድሙ የሞተበት እዚህ ቤት አንድ ሰው ብቻ ነው። የመንበረን መዝገብ አወጣሁ። ያን ቀን ከገበያ አብሮት የተመለሰ፣ ‹በጭጋጉ ውስጥ መኪና ገጨው› ብሎ ቃል የሰጠ ብቸኛ ምስክር ማን መሰላችሁ?»

ሁሉም ወደ አድማሴ ዞሩ። በሩ ተከፈተና ክንዱ እጁ እስከ ክርኑ ድረስ ርሶ ገባ። በላስቲክ የያዘው ጎማ መፈልቀቂያ ጎበጥ ያለ ጫፉ ላይ ጥቁር ፀጉር ተጣብቋል።

«ከመነዳሪ በሚነክርበት በርሜል ውስጥ፣ ከታች ጭቃው ሥር ነው» አለ።

አድማሴ ግድግዳውን እየታከከ ቁጢጥ አለ።

«ለነፍስ አባቴ ያልነገርኩትን ነው ለኡዘይር የነገርኩት» አለ፤ ድምፁ የሌላ ሰው ይመስል ነበር። «ያ ጌም አወጣው ከውስጤ። ክረምት ላይ ፈረሰኛው በየቤቱ እየገባ ‹ወንድሜን ያየ› ሲል መታገሥ አቃተኝ። ሁሉም ሲወጡ ነገርኩት። መንበረ በወሰን ነገር አባቴን ሰደበብኝ፤ በያዝኩት ብረት አናቱን አልኩት። ወደቀ። ይተነፍስ ነበር...። ይተነፍስ ነበር፤ በእግሬ ገፋሁት።»

«ኡዘይርስ?» አለች ሒክማ። «ወንድሜስ ምን በደለህ?»

«እሑድ ጠራኝና አነበበልኝ። ‹ዛሬ ይህን አሰማዋለሁ፤ ስጨርስ አንተ ተነሥተህ ተናገር፤ ይህን ሰምቶ አይገድልህም› አለኝ። ደስ ብሎት ነበር እኮ፣ ትልቅ ሥራ የሠራ መስሎት! ፈረሰኛው ይምራል። አለነ ግን ፈረሰኛ አይደለም፤ የዛሪማ ሰው ነው፤ አብሬው ነው ያደግሁት። ደግሞ ‹ልጽፋት የረሳኋት ነገር አለች› ብሎ ጀርባውን ሰጠኝ...»

አለነ ማንም ሳይዘው ተወነጨፈ። በካቴና የታሰሩ ሁለት እጆቹን አንድ አድርጎ አድማሴ ፊት ላይ አሳረፋቸው፤ የአፍንጫ አጥንት ሲሰበር ተሰማ። ደግሞ አነሣቸው፤ ደግሞ አሳረፋቸው። ሁለቱ ፖሊሶችና ክንዱ ተረባርበው ጎትተው ሲያነሡት አድማሴ ደምና ጥርስ እየተፋ መሬት ላይ ተንጋሏል፤ በእጁ እንኳ አልመከተም።

«ንጹሕ መሆንህን ከትናንት ጀምሮ አውቃለሁ» አለችው ወርቅውሃ እያለከለከ ላለው አለነ። «ካቴናውን ያልፈታሁልህ ይህን ፈርቼ ነው። ይቅር በለኝ።»

አለነ የሰማት አይመስልም። «ምን ብሎ ነው የጻፈው?» አለ። «ሒክማ፣ አንብቢልኝ።»

ሒክማ ደብተሩን ከወርቅውሃ እጅ ተቀበለች። ደሙ ያጣበቃቸውን ገጾች በጥፍሯ ለየቻቸውና አነበበች። «‹ፈረሰኛው አብሮ አደጉን ለረጅም ጊዜ አየው። እጁ ሰይፉን ይፈልጋል፤ ልቡም ሰይፉን ይፈልጋል። ብገድልህ ደስ ይለኛል አለው፤ ውሸት አልነግርህም። ግን አንተን ስገድል የወንድሜን ስም የማነሣበት ሰው አይቀረኝም። ወንድሜን ሁለት ጊዜ አልቀብርም።›» ድምፅዋ ተሰበረ። «ይኼ የጌሙ አይደለም? የራሱ ነው?»

«የራሱ ነው» አለ ኢዮስያስ መነጽሩን አውልቆ። «ጌሙ ካለው የሱ ይበልጣል። ያኔ ይህን ነበር ማለት የነበረብኝ።»

ኮማንደር በላቸው ለፍርድ ቤቱ ሊደውል ወጣ። ክንዱ አድማሴን በብብቱ ይዞ አስነሣው። ወርቅውሃ ቁልፉን ከኪስዋ አውጥታ ወደ አለነ ቀረበች። ልጁ ሁለት እጆቹን ዘረጋላት። ከዚያ በአጠገቡ እየተጎተተ የሚያልፈውን አድማሴን አየና እጆቹን መልሶ ደረቱ ላይ ሰበሰባቸው።

«ይቆዩ፣ እናቴ» አለ። «የመንበረን ደም ምሬው ይሆን ነበር። የኡዘይርን ግን አልችልም፤ እጄን አላምነውም። እሱ መጀመሪያ ማኪናው ላይ ይውጣ፤ ማኪናውም ከአራዳ ይራቅ። ያኔ ይፍቱኝ።»

ወርቅውሃ ቁልፉን ጨብጣ አጠገቡ ቆመች። የመኪናው ድምፅ ከመንገዱ ሲጠፋ ቁልፉን ካቴናው ውስጥ ከተተችው።